አባቴ የከለከለው ጠላ

ጠላው ከቀበሌው ፈቃድ ቀድሞ ደረሰ። የጋምቤላ ሙቀት ድፍድፍን ያጣድፋል፤ እናቴ ደግሞ ለዓመታት ሳትጠምቅ ስለቆየች፣ የሚደርስበትን ቀን ያሰበችው ባደገችበት በወሎ ብርድ ነበር። በማግስቱ የአባቴ ተዝካር ነው፤ ጋኑ ጓዳ ውስጥ ይፈላል፤ እኔ ከጓዳ ወደ በር፣ ከበር ወደ ጓዳ እመላለሳለሁ። ያለ ፈቃድ ከተገኘ ይደፋል።

«ኧረ ቁጭ በይ፣ አዞርሽኝ» ትለኛለች እናቴ። ከቀብሩ ወዲህ ግን ቁጭ ማለት አቅቶኝ ነበር። ቁጭ ካልኩ የሆነ ነገር የሚደርስብኝ ይመስለኛል።

በእኛ ቀበሌ በየቤቱ ጠላም፣ ቦርዴም፣ አረቄም መጥመቅ ክልክል ነው። ቢራ ግን ይሸጣል፤ ባሮ ዳር ካሉት ፈቃድ ያላቸው ሆቴሎች ገብቶ ወንበር ይዞ ሰክሮ እስከ መገልበጥ ድረስ መጠጣት ይቻላል። በጠርሙስ ሲሆን ንግድ፣ በጋን ሲሆን ጥፋት! ይሄ ነገር ያኔም ያናድደኝ ነበር፣ አሁንም ያናድደኛል። ችግሩ፣ ለክልከላው ከማንም በላይ የተሟገተው አባቴ ነው።

አባቴ በልጅነቱ በሰፈራ የመጣ ገበሬ ነበር፤ ኋላ ከተማ ገብቶ የቀበሌ ሽማግሌ ሆነ። አንድ ቀን የሰፈራችን ወጣት አረቄ ቤት ውስጥ በተነሳ ጠብ ተወጋ። አባቴ አቅፎት ሲሄድ፣ ሆስፒታል ሳይደርሱ ባጃጅ ውስጥ የልጁ ነፍስ ወጣች። ከዚያ በኋላ አባቴን የመለሰው ሰው የለም። ከስብሰባ ስብሰባ እየዞረ ክልከላውን አስወሰነ። ሚሊሻ ይዞ ሊያስደፋ የተነሳ ዕለትም፣ «የራሱን ቤት ትቶ» እንዳይባል በእናቴ ጋን ጀመረ። ለፋሲካ የጠመቀችውን፣ ገና ማንም ያልቀመሰውን ጠላ፣ በራችን ላይ ካለው ማንጎ ሥር ገለበጠው።

እናቴ ከዚያ በኋላ ለስንት ጊዜ አላናገረችውም። ምግቡን አላስቀረችበትም፤ ግን ፊቷን አዙራ «ምሳ ቀርቧል በልልኝ» ትለው ነበር፣ ግድግዳውን። አባቴም «እሺ በላት» ይላል፣ ለግድግዳው።

ሲሞት ግን «ጠላ የሌለው ተዝካር አላወጣለትም» ብላ ድርቅ አለች። ከጀዊ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ፣ ከሥራዬ፣ ፈቃድ ጠይቄ ነበር የመጣሁት። ለስላሳና ውሃ እንግዛ ብዬ ለመንኳት።

«አባትሽን በለስላሳ? ልደቱ ነው እንዴ?»

«እንግዲያው ተደብቀን እናድርገው።»

«ተደብቄ የማወጣለት ተዝካር የለም። ሄደሽ አስፈቅጂ።»

ቀበሌ ስሄድ ሊቀመንበሩ ለስብሰባ ኢታንግ ወርዷል ተባልኩ። እየተመላለስኩ ቆይቼ ያገኘሁት በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ነው። ከአባቴ ጋር ለዓመታት አብሮ የሠራ አኙዋክ ነው፤ ከቢሮው ፊት ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ አዳመጠኝ።

«ለመሸጥ ነው?»

«ለአባቴ ተዝካር ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ቢኖር እሺ ይላል?»

ደሜ ፈላ፤ መዋሸት ግን አልቻልኩም። «አይልም» አልኩት።

«እኔም አውቃለሁ። ነገ እመጣለሁ። እዚያው እናያለን።»

ይሄ እሺ ነው እምቢ? እየተብሰለሰልኩ ቤት ደርሼ ለእናቴ ስነግራት፣ «ይምጣ» ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። እኔ ደግሞ ወደ ጓዳና በር መመላለሴን ቀጠልኩ።

በማግስቱ ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው፣ ድንኳኑ በሰው ሞልቶ ሳለ፣ ሊቀመንበሩ ሁለት ሚሊሻዎች አስከትሎ ገባ። እናቴ ጋኑን በሰው አስወጥታ ፊቱ አስቀመጠችው።

«ይኸው። የምትደፋው ከሆነ ሰው ሳይቀምሰው ድፋው፣ ልጄ።»

ሊቀመንበሩ ኮፍያውን አወለቀ። «እማማ፣ እኔ ለመድፋት አልመጣም። ግን ከዚህ ግቢ አይወጣም፣ አይሸጥም፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያልቃል። ፈቃዱ በዚህ ነው፤ እነሱም በር ላይ ይቆማሉ። ሽማግሌው ሕጉን ለራሱ ቤት አላጠፈም፤ እኔም አላጥፍበትም።»

እናቴ ጋኑን ከፈተች፤ መኮምጠጥ የጀመረ ጠላ ሸተተን። የመጀመሪያውን ጣሳ ቀድታ፣ ካህናቱንም ሊቀመንበሩንም አልፋ ወደ ማንጎው ሄደች። ያኔ በተደፋበት ቦታ ላይ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው።

«በል፣ ድርሻህ ነው። አንተ እንደሆንክ ለመሬት መስጠት ነው የምትወደው።»

በግድግዳ በኩል አላስነገረችውም፤ ራሱን ነበር ያናገረችው። እኔም እዚያው ማንጎው ሥር፣ ርጥቡ አፈር አጠገብ፣ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ።