ያዋስኩት ሴንሰር

«ምቀኛ አያሳጣኝ» ይላል ሰው። እኔ ደግሞ ምቀኛ ሆኜ አውቃለሁና በዚያኛው ወገን ያለውን ልናገር። ነቀምት ውስጥ ጋራዥ ከከፈትኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሞተር የማክመው በጆሮዬና በእጄ ነበር፤ ለዚያም ስም ነበረኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ግን አዳማ ሲሠራ የቆየ አንድ ጎልማሳ መካኒክ መጣና ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊቴ ጋራዥ ከፈተ። ይዟት የመጣት የመመርመሪያ ማሽን ከመዝሙር ደብተር አትበልጥም። መኪናው ላይ ሲሰካት ጉድለቱን ታነብለታለች። የከተማው ሾፌር ሁሉ «ኮምፒውተር ላስደርግ» እያለ ወደዚያ ይጎርፍ ጀመር። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ብዬ ሳቅሁ። ሳቄ ከጥርሴ አላለፈም።

ሌላው ደንበኛ ይሂድ፣ ችግር የለም። አንድ ሰው ብቻ እንዳይሄዱብኝ ነበር የምሰጋው። በአርጆ መስመር አሮጌ አባዱላ የሚነዱ አዛውንት ናቸው። ባለቤቴን ሳገባ ሽማግሌ ሆነው የሄዱልኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ በጾም ወራት ሥጋ በልቼ መጣሁ እያሉ ያበሽቁኛል። ያቺን መኪና ከኔ ሌላ ሰው ነክቷት አያውቅም።

ታዲያ አባዱላዋ መጥፎ አመል አመጣች። ጠዋት ደህና ትነሳለች። ከከተማ ወጥታ ዳገቱን ስትይዝና ሞተሩ ሲግል ግን ድንገት ቀጥ ትላለች። ተሳፋሪው ወርዶ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ግማሽ ሰዓት ቆይታ ስትበርድ ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። እኔ «ነዳጁ ነው» አልኩ። በበርሜል የሚሸጥ ናፍጣ ከበዛ ወዲህ ለሞተር በሽታ ሁሉ ነዳጅን መክሰስ ለምዶብናል። ማጣሪያውን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ታንከሩን አውርጄ አጠብኩ። በሦስተኛው ቀን እዚያው ዳገት ላይ ቆመች።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት የአባዱላዋን ድምፅ ሰምቼ እጄን እየጠረግሁ ወጣሁ። እኔ በር ላይ አልቆመችም። ማዶ ገባች። እውነቱን ልናገር፣ ሚስቴ ሌላ ወንድ ቤት ስትገባ ያየሁ ያህል ነው ያንገበገበኝ። አዛውንቱም አይተውኛል፤ እጃቸውን አንስተው ሰላም አሉኝ፣ እንደ አፈረ ሰው።

ብዙም ሳይቆይ ጎልማሳው መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«አካም ቡልተን ጋሼ?» አለኝ ጎንበስ ብሎ። «ማሽኗ ክራንክ ሴንሰር ነው እያለች ነው። ከማዘዜ በፊት እርግጠኛ ልሁን፣ ለሙከራ አንድ ያውሱኝ እስቲ።»

ክራንክ ሴንሰር አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ናት። ሞተሩ መዞሩን የምትናገረው እሷ ናት፤ እሷ ዝም ካለች ሞተሩም ይጠፋል። ስሟን ሲጠራ ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። ሲግል የሚጠፋ፣ ሲበርድ የሚመለስ፣ ከሷ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል! ትክክል ነበር። እኔ ሳምንት ሙሉ ታንከር ሳጥብ እሱ ሻዩ ሳይበርድ አገኘው። ደሜ ፈላ።

እኛ ዘንድ አዲስ ሴንሰር ከአዲስ አበባ ተጭኖ ነው የሚመጣው፤ መንገዱ ደግሞ እንደ ቀኑ ነው። ስለዚህ መካኒክ ከማዘዙ በፊት ከባልደረባው አሮጌ ሴንሰር ይዋስና ገጥሞ ይሞክራል። መኪናው ከዳነ አዲሱን ያዝዛል፤ ካልዳነ በሽታውን ሌላ ቦታ ይፈልጋል። አዋሹ ደህናውን ይሰጣል። ተዋሹም በቴስተር አይለካውም፤ መለካት «አላምንህም» ማለት ነው።

በወተት ዱቄት ቆርቆሮዬ ውስጥ ለአባዱላ የሚሆኑ ሁለት ነበሩኝ። አንዱ ደህና ነው። ሌላውን ከዚያ ቀደም ከሌላ መኪና ላይ ፈትቼው ነበር፤ ያው በሽታ ነበረበት፣ ሲግል ይሞታል። ያልጣልኩት በስንፍና ነው። እጄ እያወቀ ወደ በሽተኛው ሄደ።

«እንካ፣ ደህና ነው» አልኩት።

በማግስቱ አባዱላዋ እዚያው ዳገት ላይ ቆመች። ጎልማሳው ክራንክ ሴንሰሩ እንዳልሆነ አመነና ሌላ ሌላውን ይፈታ ጀመር። እኔ ከማዶ ሆኜ አያለሁ፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በአራተኛው ቀን አዛውንቱ መኪናቸውን ይዘው መጡልኝ።

«አባ ኮ፣ ያ ኮምፒውተር ዋሸኝ» አሉ። «ዱጋው፣ እውነቱ፣ አንተ ጋ ነው።»

አዲስ ክራንክ ሴንሰር አስመጥቼ ገጠምኩላቸው። አባዱላዋ ዳነች። ምን ነበር ሲሉኝ «የእጅ ሥራ ነው» ብዬ አለፍኩት። ከመናኸሪያው እስከ አርጆ ስሜን አወሩልኝ። ጎልማሳው የተዋሰውን ሴንሰር ወልውሎ፣ በወረቀት ጠቅልሎ መለሰልኝ። «ገለቶማ ጋሼ» ብሎ አመሰገነኝና መንገዱን ተሻገረ።

ባለፈው ክረምት የአንድ አስተማሪ አሮጌ ፒክአፕ ጥቁር ጭስ እየተፋ መጣልኝ። የአየር ሴንሰሩን ጠረጠርኩ፤ የምሞክርበት ግን አልነበረኝም። ኩራቴን ውጬ ማዶ ተሻገርኩ። ጎልማሳው ከመሳቢያው አንድ አወጣ። እጄ ላይ ከማድረጉ በፊት ግን ከባትሪ ጋር አገናኘውና የቴስተሩን ሁለት ሽቦ ነካ አደረገበት፤ ቁጥሩንም ወደ እኔ አዞረው።

«ደህና ነው፣ ይዩት» አለኝ።

«አታምነኝም እንዴ?» አልኩት ቆጣ ብዬ።

«እኔን እንዲያምኑኝ ነው» አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ፦ «ያንን የእርስዎን ከመመለሴ በፊት ከሻይ ቤት ሙቅ ውሃ አስመጥቼ፣ ነክሬ ለክቼዋለሁ። ሲሞቅ ሞተ።»

ሴንሰሩን ተቀበልኩት። «ታዲያ ለአዛውንቱ ለምን አልነገርካቸውም?» አልኩት።

«ኦቦው እርስዎን እንደ ልጃቸው ነው የሚወዱት» አለ። «እኔ የመጣሁት መኪናቸውን ልጠግን ነው። ሰዋቸውን ላሳጣቸው?»

ሴንሰሩን ይዤ ተመለስኩ። ገጠምኩት፣ ጭሱ ጠፋ። አሁን እኔም እንደሱ ዓይነት ማሽን ገዝቻለሁ፤ በማሽኑ መቅናቴ ቀርቷል። በሰውየው ግን እቀናለሁ፣ ከበፊቱ ይልቅ። እኔ በሱ ቦታ ብሆን ኖሮ ያንን ሴንሰር ይዤ መናኸሪያ መሃል ቆሜ እጮህ ነበር። አዛውንቱ ዛሬም ደንበኛዬ ናቸው። እንደዚያ የምሳሳላቸው ሰው እጄ ገቡ፣ እኔ ግን ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። ልነግራቸው ስንት ጊዜ ጀምሬአለሁ። «አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር» ሲሉኝ አፌን እዘጋለሁ።