በበር ገባ ወይስ በአጥር?

ባለፈው እሁድ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከታላቅ ወንድሜ ከአበጀ ጋር ሻይ ቤት ተቀምጠን ነበር። ከፊታችን ያሉት ወጣቶች ስለ አውሮፓ ክለቦች ጨዋታ ይከራከራሉ። አንዱ «ዳኛው በልቶናል፣ ጨዋታው መደገም አለበት» ይላል፤ ሌላው ስልኩን አውጥቶ ጎሏን በዝግታ እያሳየ አፉን ሊያስይዘው ይሞክራል። ድሮ ቢሆን ሁለቱንም ባንድ ትንፋሽ እረታቸው ነበር። እውነቴን ነው፤ በኳስ ክርክር እኔን የሚረታ ሰው ከቡሬ እስከ ደምበጫ አልተወለደም። አንድ ጊዜ ብቻ ተረትቻለሁ፤ ያኔም ቢሆን የረታኝ እኔው ራሴ ነኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርሁ። ለዞኑ የዋንጫ ጨዋታ ለማለፍ እኛ ሜዳ ላይ ከቡሬ ጋር ገጠምን። እንደ አበጀ መጫወቱን አልታደልሁም፤ እግሬ የነሳኝን ምላሴ ክሶኛል። የደጋፊ አለቃ ስለነበርሁ ሜዳ ማስመርና መረብ መስቀል የኔ ሥራ ነው። የጨዋታው ዕለት ጠዋት የተቀደደውን መረብ በቃጫ ስሰፋ ቃጫው አለቀብኝ። ከቋሚው አጠገብ፣ በጎን በኩል፣ አንድ ጥቅል ጎመን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ቀረ። ገበያ ወርጄ ቃጫ ልግዛ ስል ጓደኞቼ ሸንኮራ ይዘው መጡ። ማን ያየዋል ብዬ ከነሱ ጋር ሸንኮራዬን ስመጥ አረፈድሁ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አበጀ ከጠርዝ መታ፤ ኳሷ መረብ ውስጥ ተገኘች። አንድ ለዜሮ። በትከሻችን ተሸክመነው ከተማውን ዞርን። ስለ ኳስ ክብ ከመሆኗ በቀር የማታውቀው እናታችን እንኳ «ያገባው የኔ ልጅ ነው» እያለች ለጎረቤቱ ስታወራ ሰነበተች። አበጀ በዕድሜው ያገባት ጎል ያችው ነበረች።

የቡሬ ደጋፊዎች ግን «ኳሷ በጎን ሾልካ ነው የገባች፤ ይደገም» ብለው ተነሡ። አወዳዳሪዎቹም «ተስማምታችሁ ኑ» ብለው እጃቸውን ታጠቡ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ማንኩሳ አለች፤ እዚያ አንድ ጠላ ቤት ተቀጣጠርን። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ በየደጁ በርበሬ ተሰጥቶ መንገዱ ሁሉ ያስነጥሳል። የነሱ ተከራካሪ ደረጀ የሚባል ቀጭን ልጅ ነበር።

«በጎን ነው የገባች፤ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» አለ።

«አንተ የቆምኸው ከወዲያኛው ጎል ጀርባ ነው። ከዚያ ሆነህ ይህን ካየህማ፣ ቡሬ ተቀምጠህ ባሕር ዳርንም ታያለህ» አልሁት። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ደረጀ ራሱ ሳቀ። እንዲህ እንዲህ እያልሁ መግቢያ መውጫ አሳጣሁት።

የቤቱ ባለቤት አያ ጥሩነህ ጥግ ይዘው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ዕድሜያቸውን የድንበርና የከብት ጠብ ሲሸመግሉ የኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ኳስ ጨዋታ አይተው አያውቁም።

«ልጆቼ፣ ነገሩ ገብቶኛል» አሉ። «ከብት እህል ሲገባ እኛ መጀመሪያ የምንጠይቀው በበር ገባ ወይስ በአጥር ብለን ነው። ከብቱን አየሁ የሚል ሞልቷል፤ ቀዳዳውን የሚያውቀው ግን አጥሩን ያጠረው ሰው ነው። ለመሆኑ ይህን አጥር ያጠረ ማን ነው?»

የኛ ልጆች ሁሉ ዞረው እኔን አዩ። ከጎኔ የተቀመጠው አበጀ መሬት መሬቱን ያያል። ደህና አድርጌ ነው የሰፋሁት ብል ያ ሁሉ ሰው ያምነኝ ነበር። ውሸቷ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ሽማግሌው ግን ዓይን ዓይኔን ያዩኛል፤ አፈርሁ።

«እኔ ነኝ፣ አያ» አልሁ። «ቃጫው አልቆብኝ በጎን በኩል ቀዳዳ ትቻለሁ።»

«እንግዲያው ይደገም» አሉና ወደ ቆሏቸው ተመለሱ።

ቡሬ ላይ ተደገመ፤ ሁለት ለዜሮ ተሸነፍን። ከተማው ባንዳ ሲለኝ ከረመ። እሱስ ይሁን፤ «በቀዳዳ ከማሸነፍ በበር መሸነፍ ይሻላል» እያልሁ አፋቸውን አስይዣለሁ። ያንገበገበኝ አበጀ ነው። እስከ ገና ድረስ ከሰላምታ በቀር ቃል አልተለዋወጥንም። ያለችውን አንድ ጎል በገዛ አፌ ነጠቅሁት እያልሁ ስብሰለሰል ኖርሁ። ስለዚያች ጎል ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አንሥተን አናውቅም።

እና ባለፈው እሁድ ወጣቱ ስልኩን ወደኛ አዙሮ «አባቴ፣ እስኪ እርስዎ ይፍረዱን» አለኝ። ጉሮሮዬን ስጠርግ አበጀ ቀደመኝ።

«ዳኛውን ተውት፤ የመታውን ልጅ ጠይቁት። እሱ ያውቃታል» አላቸው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደኔ ዞረ። «እኔም አውቃት ነበር። በጎን ስትሾልክ ከኔ የቀረበ ማን ነበር? አያ ጥሩነህ የጠየቁ ዕለት፣ አንተ ዝም ብትል እኔ እንዴት አድርጌ ልናገር እያልሁ ነበር መሬት መሬቱን የማየው።»

«ታዲያ እስከ ገና ለምን ዘጋኸኝ?»

«አፍሬ ነዋ» አለ።

በክርክር ስንቱን ረትቻለሁ፤ ዛሬ አንዱም ትዝ አይለኝም። የምኮራው ማንኩሳ ላይ በዋጥኋት በዚያች ውሸት ነው። ይህን ለአበጀ ልነግረው ፈልጌ ቃል አጣሁ፤ እኔ፣ ቃል። ሁለት ሻይ አዘዝሁ።