እንቅርቴን ለማስወጣት እሺ ያልኩ ዕለት

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም፤ ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ ሪንከቢ በሚባል የፈረንጅ አገር ሰፈር በስደት ስኖር ነው። እንቅርቴ ትንፋሽ ቢያሳጥረኝ ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ።

«ይውጣ፤ ግን ድምፅዎ ሊጎዳ ይችላል። ይስማማሉ?» አለችኝ ሐኪሟ፣ በአንዲት አስተርጓሚ በኩል።

«እርስዎ ያውቃሉ» አልኳት። እሷ ግን የእኔን ቃል ጠበቀች። ሐኪም በሽተኛውን ፈቃድ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም፤ ገረመኝ። በእኛ ዘንድ ክፉው ወሬ የሚነገረው ለዘመድ እንጂ ለበሽተኛው አይደለም።

ወደ አስተርጓሚዋ ዞሬ፣ «ልጄ፣ ከእንግዲህ ክፉ ክፉውን ሳትተረጉሚ ብታስቀሪልኝስ?» አልኳት።

«አባባ፣ ብደብቅዎት እሺ ባይዋ እኔ እንጂ እርስዎ አይሆኑም።»

ነገሩን አወጣሁ አወረድኩ። «እስቲ ጠይቂልኝ፣ ድምፄ ቢጠፋ ይመለሳል?»

ሐኪሟ፣ «ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ላይመለስም ይችላል» አለች።

ማንጎራጎር እወዳለሁ፤ መተንፈስ ግን ይበልጣል። «እሺ» አልኩ። ሁሉን አውቄ እሺ ለማለት የበቃሁት በዚያች አስተርጓሚ ነው።