አራተኛው ጎማ

ጋራዡ ውስጥ «ጻድቁ» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣለት ፎርማኑ ነው፤ አውጥቶም አልቀረ፣ ከቀለም ቀቢው እስከ ዘበኛው አዳረሰው። «ጻድቁ፣ ክሪኩን አቀብለን!» «ጻድቁ፣ ይቺን ፍሬን በጸሎትህ አስባት!» እያሉ ይስቃሉ። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ከማኩረፍ መሳቅ ይቀላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአውቶቡስ ሆድ ሥር የኖረ ሰው ነው። ከጉድጓዱ በወጣ ቁጥር ጉልበቱ ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ ይጮኻል፣ ወገቡ ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ ይለዋል፣ ጥፍሩ ሥር የገባውን ግሪስ ሳሙናም ጋዝም ተስፋ ቆርጠውበታል። ጡረታ ሊወጣ ሰባት ወር ቀርቶታል። «ሰባት ወር ምን አላት?» ይሉታል። እሱ ግን ሰባት ቀንም የሚጨርስ አይመስለው፤ እንዲያ ነው የደከመው።

ድካሙ የሥራ ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር። የሥራ ድካም ሲተኙበት ይወጣል።

ቤተ ክርስቲያን ማንም አይቀድመውም። በር የሚከፍተው እሱ፣ ምንጣፍ የሚያራግፈው እሱ፣ የተሰበረ ወንበር የሚጠግነው እሱ። ሰው የሚጾመውን ይጾማል፣ ሰው የማይጾመውንም ይጨምራል። ሲሰግድ ግንባሩ መሬት ሲመታ እስከ በሩ ይሰማል። አንድ ነገር ብቻ አያደርግም፤ አይቆርብም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሌላው ተሰልፎ ሲቆርብ እሱ ከኋላ ምሰሶ ተደግፎ ይቆማል። ሰውም ይህን አይቶ ትሕትና ብሎታል። ባለቤቱማ ጭራሽ ትመካበታለች፤ «አንተ አልበቃሁም ካልክ እኛማ ምኑን በቃን?» ትለዋለች ሻሿን እያሰረች። እንዲህ ባለችው ቁጥር ምድር ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል።

እውነቱን የሚያውቁት እሱና የንስሐ አባቱ ብቻ ናቸው። እግዚአብሔርም ያውቃል፤ የሰውየው ፍርሃት ሁሉ ከዚያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ጋራዥ አንድ ልማድ አለ። ጎማ የገጠመ መካኒክ እያንዳንዱን ዳዶ በረጅሙ መፍቻ አጥብቆ ሲጨርስ፣ ጫፉ ላይ በትንሽ ብሩሽ ነጭ ቀለም ነካ ያደርጋል። ነጭ ነጥብ ማለት «ጠብቋል፣ እኔ አለሁበት» ማለት ነው። ስምሪት ክፍሉ ማንንም አይጠይቅም፤ ዞሮ ነጥቦቹን ያያል፣ ሹፌር ይጠራል፣ መኪናው ይወጣል።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ አንድ ዓርብ፣ ለፍሬን ሥራ አራቱም ጎማ የወለቀ ትንሽ አውቶቡስ ነበረው። ሦስቱን በወጉ አጥብቆ፣ ቀብቶ፣ አራተኛው ቀረው፤ የኋላ ቀኙ። ዳዶዎቹን በእጁ አስገባ፣ ክሪኩን አወረደ፣ መፍቻውን አነሳ፤ ከዚያ ሰዓቱን አየ። የዘጠኝ ሰዓት ጸሎት ሊጀመር ነው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ ደግሞ ያለው እሱ ኪስ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ዘግይቶ አያውቅም። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ከጸሎቱ ይልቅ ያሳሰበው «ዛሬስ ምን ነካው?» መባሉ ነበር። ብሩሹ ቀለም ነክሮ ተቀምጧል፤ ሊደርቅ ነው። «ነጥቡን ላድርግና ልክፈትላቸው፤ ተመልሼ አጠብቀዋለሁ» አለ። ቀባ። መፍቻውን ጎማው ላይ አስደግፎ በሩጫ ወጣ።

ከፈተላቸው፤ አልተመለሰም። ጸሎቱ ጣፈጠውና እስከ መጨረሻው ቆየ። ወደ ጋራዡ ሲደርስ መፍቻው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ መኪናው የለም።

ጎማው ቁልቁለቱ ላይ ወለቀ። አውቶቡሱ ተንሸራቶ ከግንብ ጋር ተላተመ፤ ብዙ ሰው ቆሰለ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ የእናቷ አንድያ ልጅ፣ እዚያው ቀረች። ፎርማኑ ጠርቶ «አጥብቀሃል?» አለው። «አጥብቄያለሁ» አለ። ከቦይ ተለቅመው የመጡት ሁለት ዳዶዎችም ነጭ ነጥባቸውን ይዘው መሰከሩለት። መርማሪዎቹ ሹፌሩ ከልክ በላይ ፈጥኖ ነው አሉ። ሹፌሩ መንጃ ፈቃዱን ተነጥቆ ሁለት ዓመት ታሰረ።

በሦስተኛው ወር ሆዱ አልችል ብሎት ለንስሐ አባቱ ተናገረ። ቄሱ «ሂድና ለሹፌሩ ንገረው። ያኔ ና፣ እፈታሃለሁ» አሉት። ሌላ ቀኖና አልሰጡትም።

«አባቴ፣ ሺህ ስግደት ይዘዙኝ።»

«አላዘዝኩህም።»

«ዓመት ሙሉ በውኃና በደረቅ ዳቦ ልሁን።»

«ያልጠየቅኩህን አታምጣልኝ። እኔ የጠየቅኩህ ሁለት እግርና አንድ ምላስ ነው።»

እሱ ግን ያልተባለውን ሁሉ አደረገ፤ የተባለውን አንዱን አላደረገም። ሺሁንም ሰገደ፣ ደረቁን ዳቦም በላ። ሹፌሩ ከእስር ወጥቶ የአንድ ትምህርት ቤት በር ጠባቂ ሆነ፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከቤቱ ወደ ጋራዡ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ሰውየው መንገድ ቀየረ። በገበያው ዞሮ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ሲሄድ ሃያ ደቂቃ፣ ሲመለስ ሃያ ደቂቃ ጨምሮ፣ ዝናብ አይል ፀሐይ ዘጠኝ ዓመት ተመላለሰ። ባለቤቱ «እግር ማፍታታት ይወዳል» ትላለች። እግሩ ያለቀው ግን እዚያ ነው።

ባለፈው ሐሙስ የንስሐ አባቱ አልጋ ላይ መዋላቸውን ሰማና ብርቱካን ገዝቶ ሄደ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ የብረት አልጋ፣ ወንበር ላይ የተደረደሩ የመድኃኒት ጠርሙሶች፣ ግማሹ በካርቶን የተሸፈነ መስኮት። ቄሱ ከስተው አንገታቸው ብቻ ቀርቷል። ዓይናቸው ግን ያው ነው።

«ብርቱካን አመጣህ?»

«አዎ አባቴ።»

«ይህንንም አላዘዝኩህም» አሉና ሊስቁ ሲሉ ሳል ያዛቸው። ሳሉ ሲለቃቸው እጁን ያዙት። «ስማኝ ልጄ። እኔ እንግዲህ ቀድሜህ መሄዴ ነው። አደራ የተሰጡኝን ነፍሳት በስም በስም እጠየቃለሁ። ስለ አንተ ስጠየቅ ምን ልመልስ? ‹ጌታዬ፣ ወንበር ይጠግናል› ልበል?»

«ፍርዱን እፈራለሁ አባቴ» አለ።

«እኔም እፈራለሁ። ግን የፈራ ሁሉ አይደለም የሚድነው፤ እግዚአብሔርን እንደ ዲያብሎስ የሚፈራ ማን አለ? የሚድነው የታዘዘ ነው። አንተ አሥራ አንድ ዓመት ስትሰግድ የኖርከው እንዳትታዘዝ ነው።»

«ደክሞኛል አባቴ።»

«ይድከምህ እንጂ! ስንት ዓመት ዞርክ!» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብርቱካኑን እራስጌያቸው አስቀምጦ ወጣ።

በማግስቱ ዓርብ ፎርማኑን አስፈቅዶ ከሰዓት በኋላ ወጣ፤ በቀጥታው መንገድ ሄደ። ዘጠኝ ዓመት ያላየው መንገድ ነው። ፋርማሲው ጫማ መሸጫ ሆኗል፣ ጥጉ ላይ የነበረው ትልቅ ዛፍ ተቆርጦ ጉቶው ላይ ሰው ጋዜጣ ያነባል። የትምህርት ቤቱ በር ደረሰ። ሹፌሩ ከሕፃናቱ ክፍል የወጣች አንዲት ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ጸጉሩ ነጥቷል፣ የቁልፍ ዘለላ ጭኑ ላይ አስቀምጧል።

«ጻድቁ! አንተ ሰውዬ አለህ?» ብሎ ብድግ አለና አቀፈው። በእቅፉ ውስጥ እንዳለ ማልቀስ አማረው። ቢሰድበው ይቀለው ነበር።

«የመጣሁት ስለዚያ መኪና ነው» አለ። ከዚያ እንዳይመለስበት ፈርቶ ባንድ ትንፋሽ አወረደው። «የኋላ ቀኙን አላጠበቅኩትም። ነጥቡን ቀብቼ ሄድኩ። ልመለስ ነበር፤ አልተመለስኩም። ሲጠይቁኝም አጥብቄያለሁ አልኩ።»

ሹፌሩ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ክፍል ውስጥ ልጆች ባንድ ድምፅ የማባዣ ሠንጠረዥ ይደግማሉ።

«ነጥቡን ቀብተህ?»

«ቀብቼ።»

«እኔ እኮ አይቼዋለሁ። አራቱንም ዞሬ አይቼ ነው የተነሳሁት» አለ ሹፌሩ። «አርባ ነበር የምነዳው ስላቸው ሰማንያ ነው አሉኝ። ቀን ሰማንያ፣ ማታ ሰማንያ ሲሉኝ እኔም ሰማንያ መሰለኝ። ሰማንያ ነድቼ ሰው ገደልኩ ብዬ ንስሐ ገባሁ። ትሰማኛለህ? ንስሐ ገባሁበት!»

«ይቅር በለኝ ወንድሜ።»

«የሟቿን እናት ታውቃቸዋለህ?»

«አላውቃቸውም።»

«ዓይናቸው አይሠራም። ከእስር እንደወጣሁ ሄድኩ። ‹ልጄን የገደልካት አንተ ነህ?› አሉኝ፤ ‹አዎ፣ እኔ ነኝ› አልኳቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ውኃ እቀዳላቸዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት አንድ ቅዳሜ አልቀረሁም፤ ትኩሳት ይዞኝ ሁሉ ሄጃለሁ። በአንተ ኃጢአት!»

እንደገና «ይቅር በለኝ» አለ።

«አሁን አልችልም» አለ ሹፌሩ። «ችያለሁ ብልህ መዋሸት ነው። ግን ስማ፣ ነገ ቅዳሜ ነው። እኔ አልሄድም፤ አንተ ትሄዳለህ። ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ ደረጃው ላይ፣ የመጨረሻው በር። ሁለት ጄሪካን። ሰኞ ደግሞ የጋራዡ አስተዳደር ቢሮ አብረን እንገባለን፤ ለእኔ ያልከውን ለእነሱም ትላለህ።»

«ጡረታዬ…» ሊል ጀምሮ ዋጠው። «እሺ» አለ። ደወል ተደወለና ልጆቹ እየጮኹ ሲወጡ ሹፌሩ በሩን ሊከፍት ተነሳ።

እራት ላይ ለባለቤቱ ሁሉን ነገራት፤ የነገውን ውኃ ሳይቀር። ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሳህኗን ገፋ አድርጋ ተነስታ ሄደች። ጠዋት ሲነሳ ሁለት ጄሪካን ታጥበው በሩ ላይ ተቀምጠው አገኘ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ትጠርጋለች።

ቄሱ ያዘዙት ተፈጽሟል። አሁን ሄዶ መፈታት ይችላል፤ እሳቸው እስከ ከሰዓት በኋላ በሕይወት ይቆዩ አይቆዩ ግን አይታወቅም። መንታ መንገዱ ላይ ቆሞ ወደ ቄሱ ቤት አየ። ተፈትቶ፣ ቀሎት፣ ከዚያ ውኃውን ቢወስድ እንዴት ደስ ባለው! ግን ይህም ያው ሳያጠብቁ ነጥብ መቀባት መሰለው። ወደ ቧንቧው ወረደ።

ደረጃው ሠላሳ ስምንት ነው፤ መደገፊያ የለውም። ሁለት ጊዜ አርፎ ወጣው፤ ጉልበቱ እየጮኸ፣ የጄሪካኑ እጀታ ጣቱን እየቆረጠው። በሩ ገርበብ ብሏል። አሮጊቷ ግድግዳ ጥግ ካለች የስፌት መኪና አጠገብ ተቀምጠዋል፤ መኪናዋ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍናለች።

«መጣህ ልጄ?» አሉ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው። «ዛሬ ምነው እግርህ ከበደ? አመመህ እንዴ?»

ጄሪካኖቹን አወረደ። ዝም ብሎ ውኃውን አስቀምጦ ቢወጣ ማን ያውቅበታል? ቀጥታው መንገድ ግን አንዴ ተጀምሯል።

«እማማ፣ እኔ እሱ አይደለሁም» አለ። «ሲመጣ የኖረው ሰው ምንም አላደረገም። ልጅዎን የገደልኳት እኔ ነኝ።»

አሮጊቷ አልተንቀሳቀሱም። እጃቸው ብቻ በተሸፈነችው መኪና ላይ ሄደና ጨርቁን ጨበጠ። «በሩን ዝጋና ተቀመጥ» አሉ። «ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ። አንድም ነገር እንዳታስቀርብኝ።»

በሩን ዘጋ። ወለሉ ላይ፣ እግራቸው ሥር ተቀመጠ።

«ዓርብ ነበር» አለ። «አራተኛው ጎማ ነበር የቀረኝ።»