ጉበቷን ልትጠይቅ የምትመጣው ሴት

ሰውየው ለደም ምርመራ ሆስፒታል በመጣ ቁጥር ያቺ ሴትዮ ፊቷን በሻርፕ ሸፍና አግዳሚው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ደም የምትቀዳዋ ነርስ ታውቃታለች፤ ግማሽ ጉበቷን ለባሏ ከመስጠቷ በፊት ደሟን የቀዳችው እሷው ናት። ባሏ የነበረው ይኸው ሰውዬ ወዙ ሲመለስ እሷን ፈትቶ ሌላ አገባ።

አዲሷ ሚስት ኮቱን ይዛለት ሲወጡ፣ ሴትዮዋ ቀኝ ጎኗን ደገፍ አድርጋ ትነሳና ወደ ነርሷ ትጠጋለች።

"ጉበቴ እንዴት ነው?" ትላለች። ስለ ሰውየው አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም።

እስከ ዛሬ መልሱ "ደህና ነው" ነበር። ዛሬ ግን ነርሷ አቀረቀረች።

"እትዬ፣ የባለፈው ደሙ ላይ መጥፎ ምልክት ታይቷል። ሰውነቱ ጉበቱን እንደ ባዳ ቆጥሮ እየተጣላው ነው።"

ሴትዮዋ ሻርፗን አጠባበቀች።

"አይ ልጄ፣" አለች፤ "ደግፎ ያቆመውን ማባረርማ ድሮም ልማዱ ነው።"