ከብርቄ ራስ ላይ ያለው ስፌት

ባለቤቴ ብርቄ በልጃችን ቅልቅል እስክስታ ስትወርድ እኔ መቀመጥ አቅቶኝ ቆሜያለሁ። የራሷን ጸጉር ተስቦ ጨርሶታል፤ እራሷ ላይ የሚወዛወዘው ከፒያሳ የገዛሁላት ዊግ ነው። ይህን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም።

መጀመሪያ በጫማ ሰፊ ማስቲሽ ባጣብቅላት ቆዳዋን አቃጠላት። እኔ ኮርቻ ሰፊ ነኝና ስስ የበግ ቆዳ በራሷ ልክ ቆርጬ ዊጉን ከቆዳው ጋር ሰፋሁት። ማታ ማታ አውልቄ ቅል ላይ ደፍቼ አበጥረዋለሁ።

ሰዓት እላፊ እንዳይደርስብን ድግሱ በጠራራ ፀሐይ ነበር። ብርቄ አንገቷን በሰበቀች ቁጥር ልቤ ድው ይላል።

"ምነው አያ ታምሩ፣ ወንበሩ እሳት አለው?" ይሉኛል እንግዶቹ።

እንዴት ልቀመጥ? ከአይከል የመጣችው የሙሽራው እናት ከብርቄ ኋላ ቆማ፣ ስፌቱ ያለበትን ማጅራቷን ትክ ብላ ታያለች። እሷ ካወቀች ብርቄ አፍራ ሁለተኛ ከቤት አትወጣም።

ሴትዮዋ ጭፈራውን ትታ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች። ሻሿን በእጇ ያዝ አድርጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"አያ ታምሩ፣ የባሌን ኮርቻ የሰፉት አንቱ አይደሉ? ስፌትዎን አውቀዋለሁ። የእኔንም መላጣ ይለኩልኝ።"