ያልታጠበው ሉህ

በመዓሊም ኸይሬ የቁርኣን ትምህርት ቤት፣ በዱግሲው ምሰሶ ላይ፣ አንድ ሉህ፣ የእንጨት መጻፊያ ሰሌዳ፣ ተሰቅሎ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሯል። ሌሎቹ ሉሆች በየጊዜው ይታጠባሉ። ልጁ በከሰል ቀለም የተጻፈለትን በቃሉ ሲወርደው ሉሁ ይታጠባል፤ ከእጣቢው አንድ ጉንጭ ይጠጣል፣ የተረፈው ሰው ከማይረግጠው የግራር ሥር ይደፋል። ከዚያ መዓሊሙ ሉሁን መልሶ፣ ነገ በማለዳ ና ይለዋል። በቃል ያልተባለ ትምህርት ግን አይታጠብም። በጀረር ሸለቆ ይህን የማያውቅ የለም።

ሚስቱ አርዶ በዚያ ሉህ ስትቀልድ ነው ያረጀችው። "ከእኔ ይልቅ እሱን ስታይ ኖርክ፤ ምናለ ያኔውኑ እሱን ብታገባ" ትለዋለች።

ሉሁ የሲራድ ነው። ሲራድ የግመል አርቢው የጌዲ ልጅ ነበረች፤ ዘጠኝ ዓመቷ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ስታነብ ትከሻዋን የምትነቀንቅ። አንድ ቀን ሦስቱን መስመር ወርዳ አራተኛው ላይ ቆመች። እንደገና ጀመረች፤ እዚያው ቆመች። በሦስተኛው ልጆቹ ሳቁ። መዓሊም ያኔ ቱግ የሚል ሰው ነበርና ሉሁን ከእጇ መንጭቆ፣ "እስክታውቂው ድረስ ዓይንሽን እንዳላይ" አላት። አሁን ሲያስበው፣ ሉሁን ነጥቆ እወቂው ማለት ምን ዓይነት ማስተማር ነው? ግን ያን ጊዜ ማንም መምህር የሚያደርገው ነበር።

በማግስቱ ደረቁ ወንዝ ሞላ። በእነሱ ሰፈር ጠብ ሳይል በላይኛው አገር ዘንቦ ኖሮ፣ ጎርፉ በማለዳ ደርሶ ሲራድን ወሰዳት።

ከቀብሩ በኋላ ጌዲ ዱግሲው ድረስ መጣ። ሲራድ የጠፋች ፍየል ልትፈልግ ወጥታ እንደሆነ ለመዓሊም ነገረው፤ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ሻይ ጠጣ፣ ስለ ግመሎቹ ጥቂት አወራ፣ ሄደ። ሉሁን አልጠየቀም። መዓሊምም እንካ አላለም።

ከዚያ ወዲህ ስንቱ ልጅ በእጁ አለፈ። ዳኛ የሆነ አለ፣ የጭነት መኪና የሚነዳ አለ፣ አዋላጅ የሆነች አለች። ገበያ ላይ ሲያገኙት እጁን ይስማሉ፤ ሰውም ዕድሜህ በከንቱ አላለፈም ይለዋል። እሱ እንኳ አንዳንዴ ሊያምናቸው ይዳዳዋል። ዱላውን ከጣለ ቆይቷል፤ ቁጣውም በርዷል። ነገር ግን ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ባንድ ድምፅ ሲያነቡ፣ ከሁሉም ድምፅ በታች አንድ ቀጭን ድምፅ ሦስት መስመር ብሎ ሲያቆም ይሰማዋል። ያን ጊዜ ምሰሶውን ላለማየት ፊቱን ያዞራል።

ዘንድሮ ሰባ ስምንት ሞላው። ጉልበቱ ከዳው፣ ዓይኑ ፊደል መለየት ተወ፤ ይህን ቻለው። ያስደነገጠው ሌላ ነው። በሉሁ ላይ የተጻፈውን የሲራድን ሱራ ሲጀምር ሦስቱን መስመር ይወርድና አራተኛው ላይ ምላሱ ይታሰራል። ሌላው ሁሉ አለ፤ የጠፋው ያ ብቻ ነው። ሰው ቢያነብለት ይይዘውና ዞር ሲል ያጣዋል። አርዶ እርጅና ነው ትለዋለች። እሱ ግን እርጅና መርጦ እንደማይወስድ ያውቃል።

ዓርብ ዱግሲውን ለወጣት መምህር ሊያስረክብ ነው። የሚወጣ መምህር ደግሞ ሉሆቹን ሁሉ አጥቦ ነው የሚያስረክበው። የሉሁ ባለቤት ከሞተ የሥጋ ዘመዱ ትምህርቱን በእሱ ፈንታ በቃል ሊልለት ይችላልና፣ ለሲራድ ታላቅ እህት ለዳሃቦ፣ ሁለት ቀን ከሚያስኬድ የግመል ሰፈር እንድትመጣለት መልእክት ላከላት። ካልመጣች ሉሁን እንደተጻፈ ትቶ መሞቱ ነው። የልጅ ትምህርት ይዞ ፈጣሪው ፊት መቆምን ከሞቱ አብልጦ ፈራው።

ዳሃቦ ሐሙስ ረፋድ ላይ ደረሰች። አርባን ያለፈች፣ ፀሐይ ያከሳት ሴት ናት። የያዘችውን የግመል ወተት ለአርዶ ሰጥታ ምሰሶው ሥር ተቀመጠች።

"መዓሊም፣ እኔንም ያስተምሩኝ ነበር። ያስታውሱኛል?"

አላስታወሳትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ስለ አንዷ ሲያስብ ሌላይቱ ከልቡ ወጥታለች። አፈረ።

"ይህን ሱራ እንዳለፍኩ ነው አባቴ ለፍየሎቹ ብሎ ያስቀረኝ" አለች። "እርስዎ ያባረሯት ቀን ሲራድ እኔ ዘንድ መጣች። ከፍየሎቹ ኋላ እየሄድን እስኪመሽ አስጠናኋት። ወርዳው ነበር።"

"ወርዳው ነበር?"

"ያለ ስህተት። ደስ ብሏት እንቅልፍም አልወሰዳት። ፍየል አልጠፋንም፣ መዓሊም። ወደ እርስዎ ስትሮጥ ነው ጎርፉ ያገኛት። አባቴ የእርስዎ ልብ እንዳይሰበር ብሎ፣ እሱ በሕይወት እስካለ ማንም እንዳይናገር አዘዘን። አሁን እሱም ሞተ።"

መዓሊም አለቀሰ። ያለቀሰው ለሲራድ ብቻ አይደለም። ጌዲ ያን ሁሉ እያወቀ እዚያች ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ሻይ መጠጣቱ አንጀቱን በላው። እሱ ሌላውን ሲያስተምር ኖሯል፤ እንዲህ ያለውን ትምህርት ግን ማንም በሉህ አልጻፈለትም።

ዳሃቦ ጀመረች። ሦስቱን መስመር ወረደች። አራተኛውንም ሳትቆም አለፈችው። መዓሊም በከንፈሩ ተከተላት፣ ቀስ በቀስ ድምፁ ወጣ፣ መጨረሻው ድረስ አብረው ሄዱ።

ሉሁን ራሱ አወረደው። ጭስ የጠጣ ቀለም ነውና በአንድ ውሃ አልለቀቀም፤ በሦስተኛው ለቀቀ። ዳሃቦ ከእጣቢው ተጎነጨች፣ እሱም ተጎነጨ፣ የቀረውን ግራሩ ሥር ደፉት። ሉሁ ፀሐይ ላይ እስኪደርቅ ሁለቱም አጠገቡ ተቀምጠው ጠበቁ።

ከዚያ መዓሊም ሉሁን በሁለት እጁ ይዞ ወደ በሩ ዘረጋው። ዳሃቦ ልትቀበለው እጇን ሰደደች፤ እሱ ግን የሚያየው እሷን አልነበረም፤ ዓይኑ ከእሷ ኋላ ዝቅ ብሎ፣ በሲራድ ቁመት ላይ ነበር። ለማንኛውም ልጅ የሚባለውን ሊል አፉን ከፈተ። ነገ በማለዳ የሚለው ቃል አልወጣ አለው።

"አልፈሻል" አለ በመጨረሻ። "ነገ ግን አትቸኩይ፤ ጎርፉ ካለፈ በኋላ ነይ።"